የሚጠብቅ ሥራና የማይጠብቅ ሥራ፦ በቆላ ቤት ስለሚሠራ የእጅ ሥራና ስለ ሊጥ የቀረበ ምልልስ

ሸሕዲ፣ ገንዳ ውኃ በሚል ስምም የምትጠራው የምዕራብ ጎንደር ከተማ፣ ከጎንደር ተነሥቶ ወደ መተማ ዮሐንስና ወደ ሱዳን ድንበር በሚወርደው መንገድ ላይ፣ ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ በሚበቅልበት ቆላ ውስጥ ትገኛለች። በዚህች ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ቤቶች በአንድ ጣሪያ ሥር ብዙ ሥራ በአንድ ጊዜ ተጀምሮ ማየት የተለመደ ነው፤ በአንዱ ጥግ የእንጀራ ሊጥ ሲቦካ፣ በሌላው ባዘቶና እንዝርት በሰፌድ ላይ ተቀምጠው፣ ግማሹ የተሰፋ መሶብ ከግድግዳ ተሰቅሎ፣ ከአልጋው ራስጌ ደግሞ የተጀመረ ዳንቴል ተጠቅልሎ ይገኛል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ እነዚህ ሥራዎች በትርፍ ጊዜ እንዴት ጎን ለጎን እንደሚሄዱ መመርመር ሲሆን፣ የምልልስ መልክ የያዘውም ጉዳዩ ከመጽሐፍ የሚገኝ እውቀትንና በእጅ የዳበረ እውቀትን ስለሚያገናኝ ነው። ተናጋሪዎቹ ከደጋ የመጣች የቤት አያያዝ መምህርትና በቆላው የኖሩ አንዲት ባለሙያ ወይዘሮ ሲሆኑ፣ ሁለቱም በሕይወት ያሉ የተለዩ ሰዎች ሳይሆኑ የሁለቱ እውቀቶች ወኪሎች ሆነው የተቀረጹ ናቸው።

መምህርቷ፦ እትዬ፣ ስለ ቤት አያያዝ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ምክር አንድ ሥራ ሳያልቅ ሌላ እንዳይጀመር የሚል ነው። አሜሪካዊቷ ክርስቲን ፍሬድሪክ ለፋብሪካ ሠራተኞች የተቀመረውን የጊዜና የእንቅስቃሴ ጥናት፣ ማለትም እያንዳንዱ እርምጃ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ እየለኩ የማያስፈልገውን የማስወገድ ዘዴ፣ በ1912 እ.ኤ.አ. ወደ ማእድ ቤት አምጥታ፣ የቤት ሥራ ሁሉ በሰዓት ተከፋፍሎ በተራ እንዲሠራ አስተምራለች። በዚህ መለኪያ ከታየ በሸሕዲ ቤቶች የሚገኘው ግማሽ መሶብ፣ ግማሽ ዳንቴልና ያልሞላ ልቃቂት የዕቅድ ጉድለት ይመስላል።

ወይዘሮዋ፦ ያላለቀ ሥራ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፣ ልጄ፤ ተቀምጦ የሚጠብቅ አለ፣ ተቀምጦ የሚበላሽም አለ። መሶብ የሚሰፋው ሰበዝ የሚባለውን የሣር እስር አስኳል አድርጎ፣ በላዩ አለላ የሚባለውን በቀለም የተነከረ አክርማ እየጠመጠሙ፣ ወስፌ በሚባለው ሹል ብረት የታችኛውን ዙር እየበሱ በማያያዝ ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ስፌት ያለፈውን ይዞ ይቀራል፤ ስለዚህ ሥራው የትም ላይ ቢተው አይፈታም፣ ዓመት ቢሰቀልም ከተተወበት ይቀጥላል። ዳንቴል ግን ጫፉ በተቆለመመ ኪሮሽ ክሩን በክር ውስጥ እየሳቡ የሚሠራ በመሆኑ ምንጊዜም አንድ ያልተዘጋ ዓይን ይኖረዋል፤ ኪሮሹ ከዚያ ዓይን ከወጣና ክሩ ከተሳበ የተሠራው ወደ ኋላ ይተረተራል፤ ልምድ ያላት ሴትም ያንን ዓይን ረዘም አድርጋ ሳትስብና በመርፌ ቁልፍ ሳትይዝ ከመቀመጫዋ አትነሣም። ሊጥ ከሁለቱም ይለያል፤ ሠሪዋ ብትተወው እንኳ እሱ ሥራውን አይተውም።

የወይዘሮዋ አከፋፈል ሥራን በዓይነቱ፣ ማለትም ስፌት፣ ፈትልና ጋገራ ብሎ ከሚደረድረው የትምህርት ቤት አከፋፈል ይልቅ ለጉዳዩ የቀረበ ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ሥራ በአንድ ጊዜ የምትይዝ ሴት በመጀመሪያ ማወቅ የሚኖርባት ሥራው ምን እንደሆነ ሳይሆን የት ላይ ቢቆም ሳይጎዳ እንደሚቆይ ነው። መምህርቷም ይህን በመረዳት ወደ ሌላ ጥናት ትሸጋገራለች።

መምህርቷ፦ ይህ አከፋፈል አንድ የታወቀ ጽሑፍ ያስታውሳል። ጁዲት ብራውን የተባለች አንትሮፖሎጂስት፣ ማለትም የሰውን ማኅበረሰብ ባህልና አኗኗር የምታጠና ምሁር፣ በ1970 እ.ኤ.አ. ባወጣችው አጭር ጽሑፍ፣ በብዙ ማኅበረሰቦች በሴቶች እጅ የሚገኘው ሥራ ሕፃን ከመጠበቅ ጋር የሚስማማው መሆኑን፣ ይኸውም ተደጋጋሚ፣ ጥልቅ ትኩረት የማይጠይቅ፣ ለሕፃን አደጋ የሌለው፣ ከቤት የማያርቅና ተቋርጦ በቀላሉ የሚቀጥል መሆኑን አስረዳች። ኤልሳቤጥ ዌይላንድ ባርበርም በ1994 እ.ኤ.አ. ስለ ጥንታውያን ሴቶችና ስለ ልብስ ሥራ ባሳተመችው መጽሐፍ ይህንኑ ሐሳብ መነሻ አድርጋ፣ ፈትልና ሽመና በብዙ አገር ለብዙ ሺህ ዓመታት በሴቶች እጅ የቆየበትን ምክንያት ገለጸች። በደጋው ኢትዮጵያ ግን ፈትሉ የሴት፣ ሽመናው የወንድ መሆኑ ከዚህ ጋር የሚጋጭ ይመስላል።

ወይዘሮዋ፦ ከሐሳቡ ጋር አይጋጭም፣ እንዲያውም ያጠናክረዋል። ሸማኔ ከጉድጓዱ ገብቶ በእግሩ መርገጫውን እየረገጠ፣ በእጁ መወርወሪያውን እያመላለሰ፣ የተዘረጋውን ድር፣ ማለትም በቁመት የሚወጠረውን ክር፣ ከፊቱ አድርጎ የሚሠራ ስለሆነ፣ በዚያ ክር መካከል የሚድኽ ሕፃን ቢገባ የብዙ ቀን ድካም ይበላሻል። እንዝርት ግን በአንድ እጅ ይያዛል፤ ሕፃን ሲያለቅስ ከሰፌዱ ላይ ይቀመጣል፤ የተፈተለው ክር በእንጨቱ ላይ ተጠምጥሞ ስለሚቀር ምንም አይጎድልበትም። ጥልቅ ትኩረት አይጠይቅም የሚለው ቃል ግን ሊታረም ይገባዋል። ለድር የሚሆነው ክር ውጥረት የሚችል፣ ቀጭንና ጠንካራ፣ ለማግ፣ ማለትም በአግድም ለሚገባው፣ የሚሆነው ደግሞ ለስላሳና ላላ ያለ መሆን ስላለበት፣ ፈታይዋ በጣቷ መካከል የሚያልፈውን ባዘቶ ውፍረት ያለ ማቋረጥ ትለካለች፤ ዓይኗ ሌላ ቦታ ቢሆንም ጣቷ ሥራው ላይ ነው። በዚያ ላይ ሥራን የሚያቋርጠው ልጅ ብቻ አይደለም፤ ሊጥም ያቋርጣል።

የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር የጉዳዩ እምብርት ናት። በብራውን ጽሑፍ ውስጥ የሴቲቱ ሥራ የሚቋረጥ፣ ሕፃኑ አቋራጭ ሆኖ ሲቀርብ፣ በወይዘሮዋ አነጋገር ግን ከሥራዎቹ መካከል አንዱ ራሱ አቋራጭ ይሆናል፤ ስለዚህ የቤቱ የጊዜ አሰላል የሚጀምረው ከሊጡ ሲሆን፣ ስፌቱ፣ ፈትሉና ዳንቴሉ ሊጡ በተወው ክፍተት ውስጥ ይገባሉ። ይህ ክፍተት በደጋና በቆላ አንድ አይደለም።

መምህርቷ፦ በጎንደር፣ ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ የጤፍ ሊጥ በእርሾ፣ ማለትም ካለፈው ሊጥ በተጠራቀመው ቢጫ ውኃ ወይም ቅሪት፣ ከተቦካ በኋላ ሁለትና ሦስት ቀን ይቆያል፤ ከዚያ የላዩ ውኃ ተቀድቶ፣ ከሊጡ ጥቂቱ በፈላ ውኃ ተገንፍቶ አብሲት ይሆንና ወደ ሊጡ ሲመለስ ሊጡ ኩፍ ይላል፣ ማለትም በአየር ተሞልቶ ይነሣል። ያንኑ ልማድ ይዞ ወደ ሸሕዲ የወረደ ሰው ግን ሊጡ ከልክ በላይ ኮምጥጦ ያገኘዋል።

ወይዘሮዋ፦ የሚያገኘውም በመጀመሪያው ቀን ነው፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የቀኑ ሙቀት ወደ 40 ዲግሪ በሚደርስበት ወራት ማታ የተቦካ ሊጥ በማግሥቱ ካልተጋገረ ይመርራል።

መምህርቷ፦ ምክንያቱ በሚገባ የታወቀ ነው። በእርሾ ውስጥ ሁለት ዓይነት ረቂቃን ሕያዋን አብረው ይኖራሉ፤ አንደኛዎቹ ስኳርን ወደ ጋዝና አልኮል የሚለውጡ የእርሾ ፈንገሶች ሲሆኑ፣ ሁለተኛዎቹ የሚያኮመጥጠውን ላክቲክ አሲድ የሚያመነጩ ባክቴሪያዎች ናቸው። ሁለቱም ሙቀት በጨመረ ቁጥር ይፈጥናሉ፤ በተወሰነ ክልል ውስጥ የሙቀቱ መጠን በ10 ዲግሪ ሲጨምር ፍጥነታቸው እጥፍ ገደማ ይሆናል። ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ እየወጣ ሲሄድ ግን አኮምጣጮቹ ባክቴሪያዎች ከፈንገሶቹ ይልቅ ይበረታሉ፤ በዚህም የተነሣ ሊጡ በሚገባ ሳይነፋ አስቀድሞ ይኮመጥጣል። በደጋ ደግሞ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ስለሆነ በዳቦ ሊጥ ውስጥ ያለው ጋዝ በቀላሉ ይለጠጣል፤ ከደጋ የመጣች ጋጋሪ በቆላ ዳቦዋ ጠንከር ብሎ ከታያት አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

ወይዘሮዋ፦ እጅ ያወቀው መላም ከዚህ ጋር ይስማማል። በሙቀቱ ወራት እርሾው ይቀነሳል፤ ማቡኪያው ውኃ ቀን የሞቀ ሳይሆን ሌሊት የቀዘቀዘ ይሆናል፤ የዳቦ ሊጥ ከሆነ ጨው ከፍ ይደረግለታል፣ ጨው ሊጥን ያዘገያልና። ቡሖቃው በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ፣ ከውኃ እንስራው ጎን ይቀመጣል፤ ሱዳኖች ዚር የሚሉት ላብ የሚያወጣ ትልቅ የሸክላ ማጠራቀሚያ ያለበት ቤት ከሆነም ከዚያው ሥር ይደረጋል። ክረምት ሲገባ ግን ይህ መላ ይደክማል።

መምህርቷ፦ ውኃ ሲተን ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ ነው እርጥብ ጨርቅና ሸክላ የሚያቀዘቅዘው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም አየሩ ራሱ በእርጥበት ሲሞላ ግን ትነቱ ይቀንሳል። ደግነቱ በዚያ ወቅት ዝናሙ የቀኑን ሙቀት ያበርደዋል።

ወይዘሮዋ፦ ከሙቀቱ ሌላ እህሉም ጊዜ ይቆርጣል። በዚህ አገር ዋናው የእንጀራ እህል ማሽላ ነው፤ የማሽላ እንጀራ በተጋገረበት ቀን መልካም ሆኖ ሳለ በማግሥቱ ይደርቃል፣ ሲጠቀለልም ይሰባበራል፤ የጤፍ እንጀራ ግን ለስላሳነቱን ለቀናት ይይዛል። ስለዚህ በደጋ በሳምንት ሁለት ጊዜ ምጣድ የምትጥድ ሴት በቆላ በየቀኑ ወይም አንድ ቀን እየዘለለች ትጥዳለች፤ ጤፍ መቀላቀል የሚቻላት ከሆነች ቀኑን ታራዝመዋለች፣ ጤፍ ግን ከደጋ የሚመጣና ዋጋው ከማሽላ የከበደ ነው። ከድንበሩ ማዶ ያሉት ሴቶች ይህን ችግር በሌላ መንገድ ፈትተውታል፤ ኪስራ የሚባለው ስስ የማሽላ ቂጣ በአንድ ሌሊት ቦክቶ በጋለ ብረት ላይ በዘንባባ ስንጣቂ ይዘረጋል፣ ሲበስልም ወዲያው ይነሣል፤ ከምጣዱ ፊት የሚቆመው ጊዜ በነጠላ እንጀራ ሲቆጠር አጭር ነው።

ከዚህ የሚወጣው ውጤት በቤት አያያዝ መጻሕፍት ብዙም አይነሣም። በሁለት ጋገራዎች መካከል ያለው ቀን የእጅ ሥራ የሚገባበት ክፍት ቦታ ከሆነ፣ ሙቀቱም ማሽላውም ይህን ክፍት ቦታ ሲያጠቡት የሸሕዲዋ ሴት ከጎንደሯ ይልቅ የተቆራረጠ ጊዜ ይኖራታል። እንግዲህ ብዙ ሥራ መጀመሯ የአሳብ መበታተን አይደለም፤ ሰፊና ያልተቆረጠ ጊዜ የሌላት ሰው አንድ ትልቅ ሥራ ብቻ ይዛ ብትጠብቅ እስከ መጨረሻው አትጀምረውም፤ ለእያንዳንዱ የጊዜ ቁራጭ የሚመጥን ሥራ ብታዘጋጅ ግን ከቁራጮቹ አንዱም ባዶ አይቀርም። በዚህ ነጥብ ላይ መምህርቷ በጥቂቱ ብትስማማም አንድ ብርቱ ተቃውሞ ታቀርባለች።

መምህርቷ፦ ቁራጭ ጊዜን ሁሉ በሥራ መሙላት ግን ዕረፍትን ያጠፋል። ይህ ትርፍ ጊዜ የሚባለው ነገር በእርግጥ ትርፍ ነው ወይ የሚለው ጥያቄ መነሣት አለበት፤ ውኃ ከመቅዳት፣ እንጨት ከመልቀም፣ ከመፍጨትና ከመጋገር የተረፈችውን ደቂቃ በእንዝርት መያዝ ትርፍ ጊዜን መጠቀም ሳይሆን ትርፍ ጊዜን ማጣት ሊሆን ይችላል።

ወይዘሮዋ፦ እውነት ነው፤ ይህን የሚክድ ሰው የሴትን ድካም አላየም። በመስከረምና በጥቅምት ሰሊጥ በሚታጨድበት ጊዜ፣ ፍሬው የደረሰ ሰሊጥ ቆባው ተከፍቶ መሬት ላይ ሳይረግፍ በፍጥነት መቆረጥና በሂላ፣ ማለትም ነዶው ቀጥ ብሎ ተደግፎ በሚደርቅበት ክምር፣ መቆም ስላለበት፣ ከየአገሩ የመጣ የቀን ሠራተኛ ከተማውንና እርሻውን ይሞላዋል፤ ለዚያ ሁሉ ሰው እንጀራ የምትጋግር ሴት በእነዚያ ሳምንታት ወስፌ አታነሣም፣ እንድታነሣም መጠበቅ ግፍ ነው። ዳንቴልና ስፌት ግን ከሌላው ሥራ ይለያሉ፤ ማንም ያላዘዘው፣ ቀለሙንና ቅርጹን ሠሪዋ ብቻ የምትመርጠው ሥራ ስለሆነ በራሱ ዕረፍት አለው። ቡና ሲፈላ ይህ ይታያል፤ አቦል፣ ቶናና በረካ ተብለው በሚጠሩት ሦስት ዙሮች መካከል ጎረቤት እየተጫወተ ኪሮሽ ሲሠራ፣ ማንም ስንት ዓይን አለቀ ብሎ አይቆጥርም።

መምህርቷ፦ እንግዲያስ ሥራዎቹ በወቅትም መመደብ አለባቸው ማለት ነው።

ወይዘሮዋ፦ ወቅቱ ራሱ ይመድባቸዋል። ጥጥ የሚለቀመው ከኅዳር ጀምሮ ነው፤ ፍሬው በድንጋይ ላይ በብረት ዘንግ እየተዳመጠ ይወጣል፣ ከዚያ በደጋን ጅማት እየተነደፈ ይፍታታና ባዘቶ ይሆናል። መዳመጥና መንደፍ ቦታ የሚይዝ፣ አቧራ የሚያስነሣ ሥራ ስለሆነ ከሊጥ ጋር በአንድ ቀን አይያዝም፤ የጥጥ ብናኝ ከሊጥ ውስጥ ከገባ አይወጣምና። ፈትሉ ደግሞ በደረቁ ወራት እኩለ ቀን ላይ ያስቸግራል፣ ክሩ ይበጣጠሳል፤ ስለዚህ በማለዳ ወይም ከመሸ በኋላ ይፈተላል።

መምህርቷ፦ ይህም ምክንያት አለው፤ ጥጥ እርጥበት ሲያገኝ ይጠነክራል፣ ቃጫዎቹም እርስ በርስ ይያያዛሉ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የዓለም የጥጥ ኢንዱስትሪ ማእከል የነበረችው የእንግሊዝ ላንክሻየር ከእርጥብ አየሯ ብዙ ተጠቅማለች፤ በፋብሪካዎቿም የቤቱን አየር በእንፋሎት ማርጠብ የተለመደ ነበር። የሸሕዲ ፈታይ ማለዳን መምረጧ ከዚያ ጋር አንድ እውቀት ነው።

ወይዘሮዋ፦ የስፌት ሣርም እንዲሁ ነው፤ ደርቆ ከተሰፋ ይሰነጠቃል፣ ስለዚህ በውኃ ተነክሮ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይያዛል፤ በበጋ ቶሎ ስለሚደርቅ ለአንድ መቀመጫ የሚበቃው ብቻ ይነከራል፣ በክረምት ግን የተረፈው ይሻግታል፣ የአለላውም ቀለም ወደ ነጩ ይፈስሳል። አክርማ የደጋ ሣር በመሆኑ ከላይ ይመጣል፤ ሲጠፋ የዘንባባ ቅጠል ይተካዋል፣ የዘንባባው ሥራ ግን ለሰሌንና ለሰፊ ዕቃ እንጂ ለረቂቅ ሙዳይ አይመችም።

መምህርቷ፦ በዓላቱስ?

ወይዘሮዋ፦ በዓል የሚቆርጠው ፈትልን ነው፤ በእሑድና በዐበይት በዓላት መፍተልም መፍጨትም አይገባም ተብሎ ስለሚታመን እንዝርት ዋዜማውን ይቀመጣል፣ ዳቦ ግን በዋዜማው ይነሣል። በነሐሴ 13 ለሚከበረው ቡሄ፣ ሆያ ሆዬ እያሉ ለሚመጡ ልጆች የሚሰጠው ሙልሙል፣ ማለትም በልክ የተድቦለቦለ ትንሽ ዳቦ፣ ብዛት ስላለው ሊጡ በሌሊት ተቦክቶ ገና ሳይነጋ ይጋገራል፤ ወቅቱ የሰሊጥ አረም ያላለቀበት ስለሆነ ሌላ ሥራ ሁሉ ለዚያ ሌሊት ይቆማል። ድፎ ዳቦ ሲጋገር የሚታጠፍበት የኮባ ቅጠል ከደጋ ካልመጣ የሙዝ ቅጠል ይተካዋል። ለዒድ የሚዘጋጀው፣ ከሱዳን ወገን የተለመደው ካክ ደግሞ ቅቤና ስኳር የበዛበት ደረቅ ነገር ስለሆነ ቀናት አስቀድሞ ተጋግሮ ይቀመጣል፤ ዳቦ ቆሎም እንዲሁ እርሾ የሌለበት ሊጥ በመሆኑ ተቆራርጦ እስኪቆላ ድረስ ጥቂት ይታገሣል። የማይጠብቅና የሚጠብቅ በጋገራም ውስጥ አለ ማለት ነው።

መምህርቷ፦ ይህ ሁሉ ለተማሪዎች ሲቀርብ ከየት ይጀመር? አብዛኞቹ ልጃገረዶች ዳንቴልም ስፌትም ፈትልም በአንድ ወር ለመያዝ ይጓጓሉ፤ ጉጉታቸውን ማቀዝቀዝ አይገባም፣ ሦስቱንም ጀምረው ሁሉንም ቢያበላሹ ደግሞ ዳግመኛ አይነኩትም።

ወይዘሮዋ፦ በመጀመሪያ ሁለት ሥራ ብቻ ይሰጣቸው፤ አንዱ ሊጥ፣ አንዱ እንዝርት። ሊጡን በመጋቢት ያቡኩ፣ በጥዋት ሦስት ሰዓት፣ በቀትርና በአሥር ሰዓት እየቀመሱ የኮመጠጠበትን ጊዜ ይለዩ፤ በየመካከሉ ይፍተሉ፣ ሊጡን ለማየት በሚነሡበት ጊዜም እንዝርቱን ክር ሳይበጠስ ማስቀመጥ ይልመዱ። በነሐሴ ያንኑ ሊጥ ደግመው ያቡኩና ሰዓቱ ምን ያህል እንደተራዘመ ይመልከቱ። ወስፌው ከዚያ በኋላ ይምጣ፤ ከሁለቱ ወራት መካከል የየትኛው ክፍተት ለመሶብ እንደሚበቃ በዚያን ጊዜ እያንዳንዷ ትነግርሻለች።

መምህርቷ፦ ዳንቴሉስ፣ እትዬ?

ወይዘሮዋ፦ ዳንቴሉን ለቡና ሰዓት ተዪላቸው፤ ለእሱ ውጤት አትስጪበት።